ከቁስሉ የወጣው ጠጠር

ዘርአብሩክ የተገኘው የካቲት አሥራ ስምንት ቀን 1986 ዓ.ም. ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ውሃ ሊቀዱ ወደ ባሮ የወረዱ ሴቶች፣ አንድ ረጅም ሰው ሌላውን በብብቱ ይዞ ከሸምበቆው ውስጥ ወደ አሸዋው ሲጎትት አዩ። የሚጎተተው ሰው ፊት በደም ተሸፍኗል። የሚጎትተው ደግሞ የእሱ የማይመስል የሸራ ቦርሳ ትከሻው ላይ አንግቷል። ሴቶቹ ሲጮኹ ከመንገድ ዳር የነበሩ ወንዶች ሮጠው ደረሱና ረጅሙን ሰው ጥለው እጁን አሰሩት። አልታገላቸውም። በኑዌርኛ አንድ ነገር ደጋግሞ ይናገር ነበር፤ ከቆሙት መካከል ግን ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም።

የተጎዳው ሰው በሕይወት ነበር። ሆስፒታል አደረሱት። በክልሉ ውስጥ ያለ ብቸኛ ጂኦሎጂስት ነው፤ ከደሴ ከመጣ ዘጠኝ ወሩ። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ሁለት ዓመቷ ስለነበር ቢሮዎቹ ሠራተኛም ወንበርም አልተሟላላቸውም። ዘርአብሩክ ድንጋይ የሚመረምረው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ነው ይባል ነበር።

የተያዘው ሰው ጋች ይባላል። ከኢታንግ በኩል መጥቶ ባሮ ዳር ዓሣ የሚያጠምድ፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በዚያው የሚያስተዳድር ሰው ነው። ጉዳዩ ለኢንስፔክተር ኦቻንግ ተሰጠ። ኦቻንግ የአኙዋ ተወላጅ ነው፣ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፤ አዲስ አበባ የምርመራ ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ዓመት አልሞላውም። አዛዡ ፋይሉን ሲሰጡት ብዙ የሚያስመረምር ነገር እንደሌለ ነገሩት። ሰውየው ከነቦርሳው ተይዟል፣ ምስክሮቹ ስምንት ናቸው፤ ቃሉን ተቀብሎ ፋይሉን በሳምንት ውስጥ ለዐቃቤ ሕግ መላክ ብቻ ነው የቀረው።

በማግስቱ ጠዋት ኦቻንግ ጋችን ከእስር ቤት አስጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠው። የአንዱን ቋንቋ ሌላው ስለማያውቅ ያላቸው አማርኛ ብቻ ነበር፤ እሱም ለሁለቱም በትምህርትና በገበያ የመጣ ነው። ጋች ቃላቱን እየፈለገ ተናገረ። መረቡን ሊያነሳ ሲሄድ ከሸምበቆው ውስጥ ማቃሰት ሰማ። ሰውየው እግሩ ውሃ ውስጥ ነበር። በዚያ ሰሞን በዚያች ቦታ አዞ ታይቷል።

«ቦርሳው ሸምበቆ ይይዝ ነበር» አለ ጋች። «ለመጎተት አስቸገረኝ። አወለቅኩና እኔ ያዝኩት።»

«ሌላ ሰው አላየህም?»

«ሰው አላየሁም። መኪና ብቻ። ትልቅ፣ አሸዋ የሚጭን።»

አሸዋ የሚጭኑ መኪኖች በየቀኑ ባሮ ዳር ይወርዳሉ፤ ኦቻንግ ጻፈውና አለፈው። ሲወጣ የጋችን ሚስት ኛኳችን ከጣቢያው በር ፊት ለፊት፣ ዛፍ ሥር ተቀምጣ አገኛት። ቀና ብላ አየችው። ፊቱን መለስ አድርጎ አለፈ።

ሆስፒታል ሲደርስ ዘርአብሩክ አልነቃም። ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ቁስሉን ያጠበችው ነርስ ሲስተር እሙዬ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመት የሠራች፣ ነገር የማታባክን ሴት። ከቁስሉ ጠጠሩን ለመልቀም አንድ ሰዓት እንደፈጀባት ነገረችው።

«አሸዋ ነበር?» አላት።

«አሸዋ ውሃ ሲፈስበት ይሄዳል። ይሄ አልሄደም። ሥጋው ውስጥ ተተክሎ ነበር፤ በፒንሴት አንድ በአንድ ነው ያወጣሁት።»

ጥላው እንደሆነ ጠየቃት። አልጣለችውም። ፖሊስ ይጠይቅ ይሆናል ብላ በፋሻ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ከታ አስቀምጣዋለች። ኦቻንግ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። ነጫጭ ስብርባሪ፣ እንደ ጠርሙስ የሚያሳልፍ ስብርባሪ፣ በመካከሉ ደግሞ ሲነቃነቅ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ልጣጭ አለ። ባሮ ዳር ያደገ ሰው ነው፤ የባሮን አሸዋ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ይሄ ሌላ ነገር መሰለው። ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። የሚያውቀው ብቸኛው ሰው ደግሞ አልጋው ላይ ራሱን ስቶ ተኝቷል።

ትንሽ አስቦ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሄደ።

ወይዘሮ ናዝሬት ጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ወጣት ሳሉ ከጎሬ በኩል ተመድበው መጥተው እዚያው ቀሩ። ኦቻንግንም አስተምረዋል፤ ዛሬም ድረስ ቲቸር ነው የሚላቸው። ብልቃጡን ሲያሳያቸው መነጽራቸውን ለወጡ፣ ጠጠሩን ነጭ ወረቀት ላይ ዘረገፉና የማጉያ መስታወታቸውን ከመሳቢያ አወጡ።

«ግራናይት ነው» አሉ ብዙም ሳይቆዩ። «አስተምሬህ ነበር። አንተ መስኮት መስኮቱን ታይ ነበር።»

ኦቻንግ ሳቀ። እንደገና እንዲያስተምሩት ለመናቸው።

በመርፌ ጫፍ ስብርባሪውን በሦስት ቦታ ለዩት። የሚያሳልፈው ኳርትዝ ነው። አንዱን ቅንጣት በአንድ የመስታወት ስባሪ ላይ ጫን አድርገው ሲስቡት መስታወቱ ተጫረ፤ ቢላዋ ግን ቅንጣቱን አልጫረውም። ነጩ ፌልድስፓር ነው፤ በግራናይት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም የሚበዛው እሱ ነው፤ ሮዝም ነጭም ይሆናል። ጥቁሩ ልጣጭ ሚካ ነው። መርፌውን ከጎኑ ሲያስገቡበት እንደ ሽንኩርት በስሱ ተላጠ።

«የባሮስ አሸዋ?» አለ።

«የባሮም አሸዋ አያቱ እንዲህ ያለ ድንጋይ ይሆናል። ግን ወንዝ ሩቅ ይዞት ሲመጣ ፌልድስፓሩ እየበሰበሰ ሸክላ ይሆናል፤ ሚካው ቀላል ነው፣ ውሃው ይዞት ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የሚተርፈው ኳርትዙ ነው፤ እሱም ተሽከርክሮ ጥጉ ይሟጠጣል። ይሄ ግን ሦስቱም አብረው ናቸው፤ ጠርዛቸውም ስለት ነው። ወንዝ አልነካቸውም፤ ድንጋይ ከሚሰበርበት ቦታ የመጡ ናቸው።»

ኦቻንግ ቦታውን አስታወሰ። ባሮ ዳር ሸምበቆና አሸዋ እንጂ የሚሰበር ድንጋይ የለም። ዘርአብሩክ የተመታው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። እግሩን ብቻ ይዞ የሚዞረው ጋች፣ አንድ ሙሉ ሰው ከሩቅ ቦታ በምን አምጥቶ?

ለአዛዡ ሲነግራቸው አልተዋጠላቸውም። ሦስት ፍሬ ጠጠር ስምንት ምስክር አይሽርም አሉ። ግን ሳምንቱ እስኪያልቅ እንዲያጣራ ፈቀዱለት።

ዘርአብሩክን በተጎዳበት ቀን ጠዋት የቢሮው መኪና ያደረሰው በአቦቦ መንገድ ላይ እስከሚሠራው ድልድይ ድረስ ነበር። ከከተማው ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱን የምትቆርጥ አንዲት ወንዝ አለች። ከወዲያ ማዶ ያሉት መንደሮች ከሰኔ እስከ መስከረም በሽተኛ ይዘው ወደ ከተማ መውጣት አይችሉም። አዲሱ ክልል መጀመሪያ ከጀመራቸው ሥራዎች አንዱ በዚህች ወንዝ ላይ የድንጋይ ድልድይ መሥራት ነበር። የድንጋዩን ጥራት የሚያየው ዘርአብሩክ ነው።

በድልድዩ ሥራ ላይ ኦቻንግን የተቀበለው የተቋራጩ ፎርማን አቶ በሪሁን ነው። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ድምፁ የሰለለ፣ ዕድሜውን በመንገድ ሥራ የጨረሰ ሰው። በዘርአብሩክ ጉዳት ማዘኑን ተናገረ። በዚያን ቀን እሱ ራሱ ከተማ ነበር፤ ላንድ ክሩዘሩ ሁለት ጎማ ስለፈነዳበት ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ምሽት ጎሚስታው ጋ ቆሟል። ሠራተኞቹ ግን ዘርአብሩክ ጠዋት ድልድዩን አይቶ፣ መኪና ለምኖ ወደ ላይኛው ካባ እንደሄደ ነግረውታል።

ካባ የሚሉት ድንጋይ የሚፈነቀልበትን ቦታ ነው። ላይኛው ካባ ከድልድዩ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ የድልድዩ ድንጋይ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሌላም ካባ ነበር፣ ታችኛው የሚሉት፣ አራት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚርቅ። ዘርአብሩክ ግን ከሦስት ወር በፊት ድንጋዩ አይረባም ብሎ ዘግቶታል።

«እኔ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ታችኛውን ረግጬው አላውቅም» አለ በሪሁን።

ኦቻንግ ወደ ላይኛው ካባ ወጣ። ድንጋዩ በፀሐይ ሮዝ ሆኖ ያበራል። ዘበኛው ፓል ይባላል። በዚያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከቦታው እንዳልተነቃነቀና ዘርአብሩክንም እንዳላየ ማለ። ከሥር ያሉት ከብት ጠባቂዎች ግን በዚያን ቀን ካባው ላይ ማንም እንዳልነበረ ተናገሩ። ከዚህም በላይ፣ ዘርአብሩክ ከወር በፊት ፓልን ሥራውን ጥሎ ይሄዳል ብሎ ከሶ፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ አስጽፎበት ነበር።

ዋሽቷል፣ ቂም ነበረው፣ ግራናይት ላይ ነው የሚውለው። ኦቻንግ ፓልን ይዞት ወረደ። በመንገድ ላይ ልቡ ቀሎት ነበር፤ ነገ ጋችን እፈታለሁ ብሎ አሰበ። ከካባው የወሰደውን አንድ ከረጢት ስብርባሪም ለናዝሬት ሰጥቶ ገብቶ ተኛ።

በማግስቱ ፓል ጣቢያው ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያህል ያንኑ ሲደጋግም ቆየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ እውነቱን አወጣ። በዚያን ቀን ሚስቱ ኛቦል ምጥ ይዟት አቦቦ ጤና ጣቢያ ወስዷት ነበር። ከቦታህ ብትጠፋ ትባረራለህ ስለተባለ ነው የዋሸው። ኦቻንግ አቦቦ ድረስ ሄደ። መዝገቡ ላይ ቀኑም ሰዓቱም ተጽፏል፤ ሴት ልጅ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። አዋላጇ አባትየው እስከ ምሽት በር ላይ ቆሞ እንደነበር ታስታውሳለች፤ ከደስታው ብዛት የጤና ጣቢያውን ግቢ በመጥረጊያ ጠርጎ ነው የሄደው።

ኦቻንግ ተመልሶ ፓልን ለቀቀው። ፓል ከበሩ ላይ ቆም ብሎ አንድ ነገር ልንገርህ አለው።

«እኔ ባልኖርም የሚጠፋ ነገር አልነበረም» አለ። «ላይኛው ካባ መኪና ከመጣ ወር አልፎታል።»

«ድንጋይ ከየት ነው ታዲያ የሚጭኑት?»

«እኔን ማን ጠይቆኝ» አለ ፓል፣ እና ልጁን ሊያይ ሄደ።

ኦቻንግ በቀጥታ ወደ ናዝሬት ቤት ገሰገሰ። እሳቸውም ሊልኩበት እያሰቡ ነበር። የላይኛውን ካባ ስብርባሪ ከቁስሉ ጠጠር ጎን ለጎን አድርገው ቆጥረውታል። ከላይኛው ካባ በመጣው ውስጥ ፌልድስፓሩ ሮዝና ጠንካራ ነው፤ ሚካ ከመቶ ፍሬ ውስጥ አራት ብቻ አገኙ። ከቁስሉ በወጣው ውስጥ ግን ሮዝ የሚባል ነገር የለም። ፌልድስፓሩ ነጭ ሆኖ በጥፍር ሲነካ ዱቄት ይሆናል፤ ሚካው ደግሞ ከሦስት ፍሬ አንዱ ነው።

«ሁለቱም ግራናይት ናቸው» አሉ። «ግን አንድ ድንጋይ አይደሉም። ይሄኛው ፌልድስፓሩ መበስበስ ጀምሯል፣ ሚካው በዝቷል። ሚካ የበዛበት ድንጋይ በሚካው በኩል ይሰነጠቃል፤ ውሃ ሲገባበት ደግሞ ይፈርሳል። ቤት እንኳን አልሠራበትም።»

ያን ጊዜ ኦቻንግ ያላየው አንድ ነገር እንዳለ ትዝ አለው፤ ቦርሳው። ከጋች ትከሻ ላይ ተወስዶ፣ ደብተሩ በውሃ ስለራሰ የማይነበብ፣ በውስጡ መዶሻና «የተለያዩ ድንጋዮች» እንዳሉበት በኤግዚቢት ዝርዝር ላይ ተመዝግቦ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ማንም ድንጋዮቹን አላያቸውም። ሮጦ አወጣቸው። አራት ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ዘርአብሩክ በቀይ ቀለም ጽፎባቸዋል፤ አንዱ ላይ «ላ»፣ ሦስቱ ላይ «ድ»። «ላ» የተባለው ሮዝ ነው። «ድ» የተባሉት ነጭና ጥቁር ናቸው፤ አንዱን ጫን ሲለው ጠርዙ በአውራ ጣቱ ሥር ተፈረፈረ። መዳፉ ላይ ጥቁር ብልጭልጭ ቀረ።

ላይኛው ካባ። ድልድይ።

ዘርአብሩክ በዚያን ቀን ጠዋት የድልድዩን ድንጋይ ሰብሮ አይቷል። የዘጋው ድንጋይ በድልድዩ እግር ውስጥ ተገንብቶ አግኝቶታል። ከዚያ ወዴት ይሄዳል? ወደ ላይኛው ካባ አይሄድም። የመኪናውን ዱካ ተከትሎ አራት ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሄዳል።

ኦቻንግም እንደዚያው ሄደ። ታችኛው ካባ መግቢያ ላይ «ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ በቀይ ቀለም በቋጥኝ ላይ ተጽፏል፤ በጽሑፉ ሥር ትኩስ የገልባጭ መኪና ዱካ ያልፋል። የተፈነቀለው ድንጋይ ነጭና ጥቁር ሆኖ ተከምሯል፤ መሬቱ በሚካ ያብረቀርቃል። ከክምሩ አጠገብ አንድ ቦታ ብቻ አፈር በአካፋ ተመልሶበታል። ገለጥ ሲያደርገው ጠጠሩ በደረቀ ደም ተያይዟል። ከሥሩ ባለ ገመድ ትንሽ የማጉያ መስታወት አገኘ፤ የዘርአብሩክ ናት፣ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላት።

መስታወቷን በመሐረብ ጠቅልሎ ክምሩ ላይ ተቀመጠ። ማን እንደሆነ ገምቷል። ግምት ግን ጋችን አያስፈታም፤ በሪሁን ከተማ ነበርኩ ብሏል።

ጎሚስታው እጁ እስከ ክርኑ ድረስ የጠቆረ ለፍላፊ ሰው ነው። አዎ፣ ላንድ ክሩዘሩ ከአራት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚህ ቆሞ ነበር፤ ጎማ መለጠፊያ ስላልነበረው ነው የዘገየው። ኦቻንግ ሁሉም ሰው ስለ መኪናው ብቻ እንደሚነግረው አስተዋለ።

«መኪናውን ተወው» አለ። «ሰውየውስ?»

ጎሚስታው አሰበ። ሰውየው ከስድስት ሰዓት በኋላ አልነበረም። ምሳ ልብላ ብሎ ሄዶ፣ ሲመሽ ነው የመጣው። እንዲያውም በላብ የተጠመቀ ነበር፤ የጎማ ማጠቢያው በርሜል ውስጥ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ነው መኪናውን ያስነሳው።

ያለ ላንድ ክሩዘሩ ከከተማ ሊወጣ የሚችለው በገልባጩ ነው፤ ጋችም ትልቅ መኪና አይቷል፤ የቀረው ሾፌሩ ነው። ስሙ ጆክ ነው፤ ወጣት፣ ተቋራጩ ዘንድ ከተቀጠረ አራት ወሩ። ኦቻንግ ያገኘው ድልድዩ ጋ መኪናውን ሲያጥብ ነው። አልጮኸበትም። መስታወቷን ከመሐረቡ አውጥቶ አሳየውና፣ በዚያን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ከከተማ ማንን ጭነህ ወጣህ ብሎ ጠየቀው። ጆክ የያዘውን ባልዲ አስቀመጠ። ለማልቀስ የቀረበ ፊት ነበረው።

እየቆራረጠ ሁሉንም ነገረው። በሪሁንን ከከተማ ወደ ታችኛው ካባ የወሰደው እሱ ነው። ዘርአብሩክ ስምንት ሰዓት ገደማ በእግሩ መጣ። ጆክ መኪናው ውስጥ ነበር፤ ሲከራከሩ ሰማ፣ ከዚያ ዝም ሲሉ ወረደ። ዘርአብሩክ ክምሩ ሥር ወድቋል። በሪሁን፣ አንሸራተተው፣ ሆስፒታል እናድርሰው አለ። ከኋላ፣ የመኪናው ካሶኒ ላይ አስተኙት። ከተማው መግቢያ ሲደርሱ በሪሁን ጆክን አስወረደውና፣ እኔ አደርሰዋለሁ፣ አንተ ወደ ቤትህ ሂድ ብሎ መሪውን ያዘ።

«ሆስፒታል ያደረሰው መስሎኝ ነበር» አለ ጆክ። «በማግስቱ ባሮ ዳር ተገኘ፣ ሰውም ተያዘ ሲሉ ሰማሁ። ዝም ካላልክ አብረህ ትታሰራለህ አለኝ። ዝም አልኩ። ስድስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ።»

በሪሁን ከድልድዩ እግር አጠገብ ቆሞ ግንበኞቹን ገመድ ያስይዝ ነበር። ኦቻንግ ወደ ጎን ጠራውና በጥላው ሥር ቁጭ አሉ። ምንም ሳይደብቅ ያገኘውን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገረው፤ ጠጠሩን፣ ድንጋዮቹን፣ ጎሚስታውን፣ ጆክን። በሪሁን አላቋረጠውም።

ከዚያ መናገር ጀመረ። የላይኛው ካባ ድንጋይ ከጥንካሬው የተነሳ መፍጫውን ሁለት ጊዜ ሰብሮበታል። መንገዱ መኪና ይሰባብራል። ከክረምት በፊት አደርሳለሁ ብሎ ለአለቆቹ ቃል ሰጥቷል፤ በዚህ ዕድሜው ይሄን ሥራ ካጣ ሌላ የሚቀጥረው የለም። ከታችኛው ካባ ትንሽ ልቀላቅል ብሎ ጀመረ፤ ትንሹ ሁሉም ሆነ። ዘርአብሩክ መጥቶ ድልድዩን አስፈርሰዋለሁ አለው። ገፋው። ልጁ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ዞረና በግንባሩ ክምሩ ላይ ወደቀ።

«ሆስፒታል ሊወስዱት ነበር?» አለ ኦቻንግ።

«መጀመሪያ አዎ። ወደ ከተማው ስንቃረብ ዞሬ አየሁት። አይተነፍስም። ሞቷል ብዬ ደመደምኩ። አሸዋ የሚጭን መስዬ ወደ ባሮ ወረድኩ።»

«ሌላ ሰው በእርስዎ ምክንያት ታስሯል። እሱን አላሰቡትም?»



«አስቤዋለሁ» አለ በሪሁን። «እውነቱን ልንገርህ፣ እሱ ተያዘ ሲሉኝ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።»

ኦቻንግ ተነሳ። ሊናገረው የፈለገው ብዙ ነበር፤ ግን ይህን ከዚህ በላይ ማክፋት አይቻልም ብሎ ተወው። በሪሁንም ሳይጠየቅ ተነስቶ፣ ለግንበኞቹ ሥራውን አቁሙ፣ ይሄ ግንብ አይረባም ብሎ ነግሯቸው ተከተለው።

ጋች የተፈታው በዚያኑ ቀን ከሰዓት ነው። አዛዡ ራሳቸው ከቢሯቸው ወጥተው እጁን ጨበጡትና ይቅርታ ጠየቁት። እንዲህ ሲያደርጉ አይቷቸው የሚያውቅ አልነበረም። ኛኳች ከዛፉ ሥር ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። ሁለቱም ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መስሎት ኦቻንግ ሲሸኛቸው፣ ጋች ግን ሆስፒታሉ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየውን ማየት ፈልጓል።

ዘርአብሩክ የነቃው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ሲስተር እሙዬ ስሙን ጠርታ ስትጠይቀው በትክክል መለሰላት፤ ቀጥሎ ማን እንደመታው ሳይሆን ድልድዩ ስንት ረድፍ እንደደረሰ ጠየቀ። እሷም ሳቋ መጣባት። ጋች በየቀኑ እየመጣ በር ላይ ይቆም ስለነበር አስገባችው። ዘርአብሩክ ማን እንደሆነ ሲነገረው እጁን ዘረጋለት።

«ሰባት ቀን በእኔ ምክንያት ታሰርክ» አለው።

«አንተ አላሰርከኝ» አለ ጋች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ስለ ልጆቹ ያወራው ጀመር።

ተቋራጩ ግንቡን በራሱ ወጪ እንዲያፈርስ ታዘዘ። ያ ክረምት ያለ ድልድይ አለፈ፤ ማዶ ያሉት እንደ ወትሮው አራት ወር ተቆረጡ፣ ብዙዎቹም ክልሉን አሙ። በጥቅምት ሥራው እንደገና ተጀመረ። ዘርአብሩክ ባርኔጣውን ከጠባሳው በላይ ደፍቶ እያንዳንዷን ከላይኛው ካባ የምትመጣ ድንጋይ በመዶሻ እየመታ ድምፅዋን አዳመጠ። ናዝሬት ተማሪዎቻቸውን አምጥተው ሮዙን ድንጋይ አሳዩ፤ ኳርትዙን፣ ፌልድስፓሩን፣ ሚካውን ልጆቹ በጣታቸው እየነኩ ለዩ። ድልድዩ በግንቦት አለቀ።

የመጀመሪያው ትልቅ ጎርፍ በሐምሌ አጋማሽ መጣ። ኦቻንግ ሲሰማ መኪና ለምኖ ሄደ። በሁለቱም ዳር ሰው ተሰብስቦ ነበር። ውሃው ቀልቶ፣ ግንድና ሣር ተሸክሞ ይመጣል፤ ግንዱ የድልድዩን እግር ሲመታ ከወዲህም ከወዲያም ትንፋሽ ይቆማል። ዘርአብሩክ ከዳር ቆሞ ጥርሱን ነክሷል። ግማሽ ቀን እንዲህ ሆነ። ከዚያ ውሃው መጉደል ጀመረ። የድልድዩ እግሮች ረጥበው፣ ሮዝ ሆነው ወጡ።

ማንም አላጨበጨበም። ዘርአብሩክ ሜትሩን አውጥቶ ወደ መካከል ገባና ጎንበስ ብሎ ስንጥቅ ይፈልግ ጀመር። ከማዶ አባንግ የሚባሉ አንዲት አሮጊት የታመመ የልጅ ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው ድልድዩ ላይ ወጡ። ሲደርሱበት ቆም አሉ። ዘርአብሩክ፣ እማማ፣ ትንሽ ይታገሱ፣ ለክቼ ልጨርስ አላቸው።

«እኔ ልለፍ፣ ልጄ» አሉት፣ በዘንጋቸው ጎኑን ነካ እያደረጉ። «ከዚያ ያሻህን ያህል ለካ።»

ተነስቶ መንገዱን ለቀቀላቸው።